የሜዳው ሕግና የበሩ ሕግ

(ስለ ጎልፍ ተጫዋቹ ስለ ቻርሊ ሲፎርድ የሥራ ዘመን)



በየዓመቱ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ሩጫና ስለ መረብ ኳስ ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ዘንድሮ በአገራችን ጥቂት ሰዎች ብቻ ስለሚጫወቱት ስለ ጎልፍ ለመጻፍ አስቤአለሁ። እኔ ራሴ የጎልፍ በትር ይዤ አላውቅም፤ ስለዚህ ጽሑፌ ኳስ አመታትን ለማስተማር የታሰበ አይደለም። ሐሳቤ የጎልፍ ባለሙያ የሚባለው ሰው እንጀራውን በምን መንገድ እንደሚያገኝ ማስረዳትና፣ ይህን እንጀራ ለማግኘት ዕድሜውን ሙሉ የደከመውን የጥቁር አሜሪካዊውን የቻርሊ ሲፎርድን ታሪክ ማቅረብ ነው። በእርሱ ታሪክ ውስጥ ሁለት ዐይነት ሕግ እናገኛለን፤ አንዱ በሜዳው ውስጥ፣ ሁለተኛው በሜዳው በር ላይ የሚሠራ ነው። እነዚህን ለይቶ ማወቅ ለስፖርተኛ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ሰው የሚጠቅም ይመስለኛል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቼ ያስተውሉልኝ።

አስቀድሞ ጎልፍ ምን ዐይነት ጨዋታ እንደ ሆነ እንመልከት። የገና ጨዋታን ለምናውቅ ሁሉ በትርና ጥንግ እንግዳ አይሆኑብንም። በገና ግን ሁለት ወገን ሆነን አንዲቱን ጥንግ እየተሻማን ወደ ባላጋራችን ድንበር እንነዳለን፤ በጎልፍ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ኳስ ብቻ ይመታል፤ የሚሻማውም የሚያደናቅፈውም የለም። ኳሲቱ ትንሽና ጠንካራ ናት፤ ክብደቷም ከ46 ግራም አይበልጥም። ሜዳው ሣርና ዛፍ፣ የአሸዋ ጕድጓድና ኵሬ ያለበት ሰፊ ቦታ ሲሆን፣ በልዩ ልዩ ስፍራ ኳሲቱ የምትገባባቸው 18 ትንንሽ ጕድጓዶች አሉት። የእያንዳንዱ ጕድጓድ አፍ ስፋት 10.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከመምቻው ቦታ እስከ ጕድጓዱ ያለው ርቀት ግን አንዳንድ ጊዜ ከ500 ሜትር ያልፋል።

ተጫዋቹ እስከ 14 የሚደርሱ ልዩ ልዩ በትሮች ለመያዝ ይፈቀድለታል። አንዱ ኳሲቱን ወደ ሩቅ ለመስደድ፣ አንዱ ከአሸዋ ለማውጣት፣ አንዱ ደግሞ በአጭር በታጨደው ሣር ላይ ቀስ አድርጎ ወደ ጕድጓዱ ለማንከባለል ያገለግላል። እያንዳንዱ ጕድጓድ ጎበዝ ተጫዋች ሊጨርስበት የሚገባ የምት ልክ ተወስኖለታል፤ ይኸውም 3፣ 4 ወይም 5 ሲሆን «ፓር» ይባላል። የ18ቱ ጕድጓዶች ልክ ሲደመር በብዙ ሜዳዎች 72 ወይም ከዚያ ጥቂት ያነሰ ይሆናል። በሌሎች ጨዋታዎች ብዙ ያገባ ያሸንፋል፤ በጎልፍ ግን በጥቂት ምት የጨረሰ ነው የሚያሸንፈው። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ቀን «64 መታ» ሲባል ብትሰሙ፣ እጅግ ከፍ ያለ ሥራ እንደ ሠራ ዕወቁ።

በዚህ ጨዋታ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የአቈጣጠሩ ነገር ነው። በእግር ኳስ ዳኛ ፊሽካውን ይዞ ከተጫዋቾቹ ጋር ይሮጣል። በጎልፍ ግን ሜዳው ሰፊ ስለ ሆነ በየተጫዋቹ አጠገብ ዳኛ ሊቆም አይችልም። ተጫዋቹ ከዛፍ ሥር ብቻውን ሳለ በስሕተት ኳሲቱን ቢያንቀሳቅሳት፣ ማንም ሰው ባያይ እንኳ፣ ራሱ ተናግሮ በራሱ ላይ የቅጣት ምት ማስቈጠር ግዴታው ነው። አብሮት የሚጫወተው ሰው የምቱን ቍጥር በወረቀት ይጽፍለታል፤ እርሱም መርምሮ ይፈርማል። ከመታው ያነሰ ቍጥር ፈርሞ ቢያስረክብ ከውድድሩ ይሰረዛል።

ይህን እኔ የሜዳው ሕግ ብዬ እጠራዋለሁ። የሜዳው ሕግ የማን ልጅ ነህ፣ ከየት መጣህ፣ መልክህ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ስንት መታህ ብሎ ብቻ ይጠይቃል። በገና ጨዋታ ጌታ ሎሌው ቢመታው እንኳ እንደማይቈጣ አባቶቻችን ሲናገሩ እንሰማ የለምን? ሜዳው ጌታና ሎሌን እኩል ያደርጋልና። በጎልፍም ነገሩ እንዲሁ መሆን ነበረበት።

አሁን ደግሞ ስለ ሙያው እንነጋገር። ጎልፍን ለመዝናናት ብቻ የሚጫወት ሰው አማተር ይባላል። በጨዋታው የሚተዳደረው ግን ባለሙያ ወይም ፕሮፌሽናል ነው፤ እርሱም ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው በአንድ የጎልፍ ክበብ ተቀጥሮ አባሎችን ያስተምራል፤ በትርና ኳስ ይሸጣል፤ የተሰበረውንም ያድሳል። ሁለተኛው ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ በውድድር የሚያገኘውን ሽልማት ይበላል።

የዚህ የሁለተኛው ኑሮ ከሩቅ ሲያዩት ያማረ ነው፤ ሲቀርቡት ግን አስጊ ነው። ምክንያቱም የወር ደመወዝ የለውም። ዋና ዋናዎቹ ውድድሮች ብዙውን ጊዜ 4 ቀን ይፈጃሉ፤ ተጫዋቹ በየቀኑ 18፣ በጠቅላላው 72 ጕድጓዶች ይጨርሳል። ሁለተኛው ቀን ሲፈጸም ብዙ ምት የመቱት ይቀነሳሉ። የተቀነሰ ሰው እንደ ደንቡ ምንም ሳይቀበል ጓዙን ጠቅልሎ ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል። የመጓጓዣውን፣ የማደሪያውን፣ የምግቡንና በትሮቹን የሚሸከምለትን የካዲውን ዋጋ ግን ከራሱ ኪስ ይከፍላል። እንግዲህ ለእንደዚህ ያለ ሰው ወደ ውድድር የመግባት መብት ለገበሬ መሬት፣ ለነጋዴም ገበያ እንደ ማለት ነው። መሬት የሌለው ገበሬ ምንም ብርቱ ቢሆን ምን ያርሳል?

በአሜሪካ ይህን ገበያ የሚጠብቀው በ1916 የተመሠረተው የጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበር ነበረ። በዋናዎቹ ውድድሮች ዘወትር ለመግባት የማኅበሩ አባል መሆን ያስፈልግ ነበር። ይኸው ማኅበር ግን አባል ሊሆን የሚችለው ነጭ ዘር ብቻ መሆኑን በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ በጽሑፍ አስፍሮ ነበር። ይህ አንቀጽ የተሰረዘው በኅዳር 1961 ነው። እነሆ፣ የበሩ ሕግ የምለው ይህ ነው። በሜዳው ውስጥ አንዲት ምት እንዳትደበቅ የሚጠነቀቁ ሰዎች፣ በሜዳው በር ላይ የሰውን ዕድሜ የሚሰርቅ ሕግ አቁመው ነበር።

ቻርሊ ሲፎርድ ሰኔ 2 ቀን 1922 በሰሜን ካሮላይና ግዛት በሻርሎት ከተማ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ በነጮች የጎልፍ ክበብ ውስጥ ካዲ ሆኖ የተጫዋቾችን በትር ይሸከም ጀመር። በቀን 60 ሳንቲም ያገኝ ነበር፤ ከዚህም ውስጥ 50ውን ለእናቱ ሰጥቶ 10ሩን ለራሱ ያስቀር ነበር። በ10ሩ ሳንቲም ሲጋር ይገዛ ነበር ይባላል፤ በእውነትም እስከ ሽምግልናው ድረስ ሲጋር ከአፉ አልተለየም። ይህን ልማዱን እንድንከተል አልመክርም፤ እናቱን ማስቀደሙን ግን እንድንከተል እመክራለሁ። ካዲዎቹ ክበቡ ለአባሎች በሚዘጋበት በሰኞ ቀን እንዲጫወቱ ይፈቀድላቸው ስለ ነበር፣ ቻርሊ ጨዋታውን የተማረው በዚያ ቀን ነው። ዕድሜው 13 ዓመት ሲሆን 18ቱን ጕድጓዶች በልኩ ለመጨረስ የሚችል ሆኖ ነበር።

በ17 ዓመቱ ገደማ ወደ ፊላዴልፊያ ከተማ ሄደ። በዚያ ጥቁሮችም የሚጫወቱበት ኮብስ ክሪክ የተባለ የሕዝብ ሜዳ ስለ ነበረ፣ ከእርሱ ከሚሻሉ ጥቁር ተጫዋቾች ጋር ተገናኘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጦር ውስጥ አገለገለ። ከጦርነቱ ከተመለሰ በኋላ በ1948 ባለሙያ ተጫዋች ሆነ። ሆኖም በውድድር ብቻ መኖር ስላልቻለ፣ ቢሊ ኤክስታይን ለተባለው ስመ ጥሩ ዘፋኝ የጎልፍ አስተማሪና ረዳት ሆኖ ለብዙ ዓመታት ሠራ።

በዚያ ዘመን ጃኪ ሮቢንሰን የተባለው ጥቁር ተጫዋች በ1947 ወደ ታላቁ የቤዝቦል ውድድር በመግባቱ ዝናው በዓለም ተሰምቶ ነበር። ሲፎርድ ሮቢንሰንን አግኝቶ ወደ ነጮች የጎልፍ ውድድር ለመግባት ማሰቡን ነገረው። ሮቢንሰንም በመንገድ ላይ ትቶ የሚመለስ ሰው መሆን አለመሆኑን ጠየቀው። ሲፎርድ እንደማይመለስ በነገረው ጊዜ፣ እንግዲያው ጀምር፤ ነገር ግን ብዙ መሰናክል ይጠብቅሃል፤ ቢሰድቡህም እጅህን አታንሣ ሲል መከረው። ይህን ምክር ሲፎርድ በኋላ ዘመን ብዙ ጊዜ ያነሣው ነበር።

ጥቁር ተጫዋቾች በነጮች ውድድር መግባት ስለ ተከለከሉ የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ነበር። ይህም ማኅበር በየከተማው ውድድር ያደርግ ነበር፤ ሽልማቱ ግን እጅግ አነስተኛ ነበር። ሲፎርድ የጥቁሮችን ብሔራዊ ሻምፒዮና ከ1952 እስከ 1956 ድረስ በተከታታይ 5 ጊዜ፣ ደግሞም በ1960 አሸነፈ፤ በጠቅላላው 6 ጊዜ ማለት ነው። እንግዲህ የችሎታው ነገር አያጠራጥርም።

ይሁን እንጂ የበሩ ሕግ በብልኀት ይጠበቅ ነበር። በ1948 ቢል ስፒለርና ቴድ ሮድስ የተባሉ ሁለት ጥቁር ተጫዋቾች በሎስ አንጀለስ ውድድር መልካም ውጤት አግኝተው፣ በዚሁ ውጤት ቀጥሎ በሚደረገው በሪችመንድ ውድድር ለመግባት መብት አገኙ። ነገር ግን የማኅበሩ አባል አይደላችሁም ተብለው ተመለሱ። እነርሱም ከሰሱ። ማኅበሩ ከእንግዲህ ወዲህ አላዳላም ብሎ ቃል ስለ ሰጠ ክሱ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለሁሉ ክፍት ይባሉ የነበሩት ውድድሮች በጥሪ ብቻ የሚገባባቸው ሆኑ። ቃሉ አልፈረሰም፤ በሩ ግን እንደ ተዘጋ ነበረ። አንባቢዎቼ ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ፤ በደል ሁልጊዜ በጩኸት አይመጣም፤ አንዳንድ ጊዜ በአንዲት የደንብ ቃል ለውጥ ይመጣል።

በ1952 የቡጢ ሻምፒዮኑ ጆ ሉዊስ ጎልፍ ወዳድ ስለ ነበር፣ በዚህ ነገር ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ። ከዚህም የተነሣ አዘጋጆቹ ከፈለጉ ጥቂት ጥቁሮችን እንዲጋብዙ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ሲፎርድ ከጆ ሉዊስና ከሌሎች ጋር በፊኒክስ ከተማ ውድድር ገባ። በመጀመሪያው ጕድጓድ ደርሰው ባንዲራውን ባነሡ ጊዜ፣ ጕድጓዱ አስቀድሞ በሰው ዐይነ ምድር ተሞልቶ ተገኘ። ጕድጓዱ እስኪለወጥ ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያም ጨዋታቸውን ቀጠሉ። የጎልፍ ተጫዋች እጁ ሳይንቀጠቀጥ መምታት እንዳለበት ስናስብ፣ ከእንዲህ ያለ ነውር በኋላ ኳስ መምታት ምን ያህል የመንፈስ ጽናት እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም።

በ1957 ሲፎርድ በካሊፎርኒያ የሎንግ ቢችን ውድድር ነጮች ተጫዋቾችን ጭምር አሸንፎ ወሰደ። ነገር ግን ውድድሩ 54 ጕድጓድ ብቻ ስለ ነበረ ከዋናዎቹ ድሎች ጋር አልተቈጠረለትም።

የበሩ ሕግ የወደቀው እንዴት ነው? በኳስ ምት ብቻ አይደለም፤ በሕግ ጭምር ነው። ቢል ስፒለር ለመኖር ሲል ካዲ ሆኖ ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ ለሚያገለግለው ሰው የደረሰበትን አጫወተው። ይህም ሰው ነገሩን ለካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ለስታንሊ ሞስክ አደረሰ። ሞስክም ማኅበሩ የዘር አንቀጹን ካልሰረዘ በሕዝብ ገንዘብ በተሠሩ የካሊፎርኒያ ሜዳዎች ውድድር ሊያደርግ እንደማይችል አስታወቀ፤ ቀጥሎም የግል ክበቦችን ሜዳ እንኳ እንደሚከለክል ገለጸ። በ1962 በሎስ አንጀለስ ሊደረግ የታሰበው የማኅበሩ ትልቅ ሻምፒዮና በዚህ ምክንያት ወደ ፔንሲልቬንያ ግዛት ተዛወረ። በመጨረሻም በኅዳር 1961 አንቀጹ ተሰረዘ።

ሲፎርድ አስቀድሞ በ1960 በውድድር የሚገባበት ጊዜያዊ ካርድ ተሰጥቶት ነበር። በዚህ ካርድ በ1961 በተወለደበት ግዛት በግሪንዝቦሮ ከተማ ውድድር ገባ፤ በአሜሪካ ደቡብ በእንዲህ ያለ ውድድር የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር እርሱ ነው። በመጀመሪያው ቀን 68 መትቶ ይመራ ጀመር። በዚያው ሌሊት በስልክ የሞት ዛቻ ደረሰበት። በማግስቱ ጥቂት ነጮች ከጕድጓድ ወደ ጕድጓድ እየተከተሉ፣ እየተሳደቡና ሊመታ ሲል እየጮኹ አስቸገሩት፤ በመጨረሻ ፖሊሶች አስወጧቸው። ሲፎርድ ግን የሮቢንሰንን ምክር አልረሳምና እጁን አላነሣም። ውድድሩንም በአራተኛ ደረጃ ፈጸመ። ብዙ ሰው ስለ አሸናፊዎች ብቻ ይጽፋል፤ እኔ ግን ይህን አራተኛ ደረጃ ከብዙ ዋንጫ አስበልጬ አየዋለሁ። ሙሉ የማኅበር አባልነት ያገኘው በ1964 ነው።

እስቲ አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ሲፎርድ ባለሙያ በሆነ ጊዜ ዕድሜው 26 ዓመት ነበር። አንቀጹ በተሰረዘ ጊዜ 39 ዓመት ሆኖት ነበር። በመካከሉ ያሉት 13 ዓመታት ለጎልፍ ተጫዋች ጕልበትና ብልኀት የሚገናኙበት፣ ፍሬ የሚለቀምበት ዘመን ነው። ሌሎች የዕድሜ እኩዮቹ በእነዚህ ዓመታት ስምና ሀብት ሲያከማቹ፣ እርሱ በትንሽ ሽልማት ሲንከራተት ኖረ። ለተዘጋው በር የከፈለው ዋጋ ይህ ነው፤ በምንም ካሳ የሚመለስ አይደለም።

ሆኖም ዕድሜ ሳይበግረው ቀጠለ። በ1967 ዕድሜው 45 ሲሆን በሃርትፎርድ ውድድር በመጨረሻው ቀን 64 መትቶ በአንዲት ምት ብልጫ አሸነፈና 20,000 ዶላር ተሸለመ። ከእርሱ በፊት በ1964 ፒት ብራውን የተባለ ጥቁር ተጫዋች አንድ የማኅበሩን ውድድር አሸንፎ መንገዱን ጠርጎ ነበር። በ1969 መጀመሪያ ደግሞ ሲፎርድ በሎስ አንጀለስ በመጀመሪያው ቀን 63 መታ። በአራተኛው ቀን ፍጻሜ ከደቡብ አፍሪካዊው ከሃሮልድ ሄኒንግ ጋር እኩል ሆኑ። ለመለያ በተጫወቱት በመጀመሪያው ጕድጓድ ላይ ሲፎርድ አሸነፈ። ይህ ከሃያ ዓመት በፊት እነስፒለር ውጤታቸውን ያገኙበት ውድድር መሆኑ ሲታሰብ፣ ድሉ የእርሱ ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን።

ነገር ግን አንድ በር እስከ መጨረሻው አልተከፈተለትም። በጆርጂያ ግዛት በኦገስታ ከተማ በየዓመቱ «ማስተርስ» የተባለ እጅግ የከበረ ውድድር ይደረጋል፤ የሚገባበትም በጥሪ ነው። በዚያን ዘመን በማኅበሩ ውድድር ማሸነፍ ብቻውን ጥሪውን አያስገኝም ነበር። ከ1972 ጀምሮ ግን ደንቡ ተለውጦ የሚያሸንፍ ሁሉ እንዲጠራ ተደረገ። በዚህ ደንብ ሊ ኤልደር የተባለው ጥቁር ተጫዋች በ1974 አሸንፎ በ1975 ወደ ማስተርስ በመግባት የመጀመሪያው ሆነ። የሲፎርድ ሁለት ድሎች ግን በ1967ና በ1969 ስለ ሆኑ ደንቡ ወደ ኋላ ተመልሶ አላገኛቸውም። በማስተርስ አንድ ቀን እንኳ ሳይጫወት ቀረ፤ ይህም እስከ ሽምግልናው ድረስ የሚያንገበግበው ነገር ነበር።

ጎልፍ ከሌሎች ጨዋታዎች የሚለይበት አንድ መልካም ነገር አለው፤ ሽማግሌም ሊጫወተው መቻሉ ነው። ሲፎርድ በ1975 ዕድሜያቸው የገፋ ባለሙያዎች የሚወዳደሩበትን ሻምፒዮና አሸነፈ። በ1980 ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ተጫዋቾች ልዩ የውድድር ዙር ሲቋቋምም፣ ከመጀመሪያዎቹ ተሳታፊዎች አንዱ ሆኖ በዚያው ዓመት አንድ ውድድር አሸነፈ።

ክብርም በመጨረሻ መጣ። በ2004 በዓለም የጎልፍ ዝነኞች አዳራሽ ስሙ ሲጻፍ ከጥቁሮች የመጀመሪያው ነበር። በ2006 በስኮትላንድ የሚገኘው የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተርነት ሰጠው። በ2011 በተወለደበት ከተማ አንድ የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ በስሙ ተሰየመ። በኅዳር 2014 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በአገሩ ለሲቪል ሰው ከሚሰጡት ክብሮች ከፍተኛ የሆነውን የነጻነት ሜዳይ ሸለሙት። ከዚህም በኋላ ብዙ ሳይቈይ የካቲት 3 ቀን 2015 በ92 ዓመቱ ዐረፈ። በ1997 ማስተርስን ያሸነፈው ታይገር ዉድስ፣ ሲፎርድን እንደ አያቱ የሚያየው መሆኑን ተናግሯል፤ ወንድ ልጁንም ቻርሊ ብሎ በስሙ ጠርቶታል።

በዋናው ዙር ሲፎርድ በዘመኑ ሁሉ በሽልማት ያገኘው ከ340 ሺህ ዶላር ጥቂት ከፍ የሚል ነው ይባላል። በ2024 ማስተርስን ያሸነፈ ሰው በአራት ቀን ጨዋታ 3.6 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሏል። በእርግጥ የገንዘቡ ዋጋ ከዘመን ዘመን ተለውጧል፤ ቢሆንም ዛሬ በሰፊው በር የሚገቡት ወጣቶች በሩን ማን እንዳስከፈተው ማወቅ ይገባቸዋል።

ሲፎርድ ቢያንስ በሕይወቱ ሳለ ክብሩን አየ። ጨዋታን ካስተማሩት አንዱ የሆነው ቴድ ሮድስ ግን በ1969 ሞተ፤ ቢል ስፒለርም በ1988 ሞተ። ማኅበሩ ለእነዚህ ሰዎች አባልነት የሰጣቸው በ2009 ነው። ስማቸው ከባለሙያዎቹ ስም ጋር መጻፉ መልካም ነው፤ ቤተሰቦቻቸውም ደስ ሊላቸው ይገባል። ነገር ግን ለሞተ ሰው የተሰጠ የመግቢያ ካርድ በየትኛው ሜዳ ያጫውታል? የዘገየ ፍርድ ስምን ያድሳል እንጂ ዕድሜን አይመልስም።

ከዚህ ሁሉ የተረዳሁትን በአጭሩ ልግለጽ። የአንድ ስፖርተኛ የሥራ ዘመን የሚለካው በዋንጫው ብዛት ብቻ ከሆነ፣ ሲፎርድ ሁለት ዋና ዋና ድሎች ያገኘ መካከለኛ ተጫዋች ይመስላል። ነገር ግን ዋንጫ የሚቈጥረው የሜዳውን ሕግ ብቻ ነው። በበሩ ሕግ የጠፋውን ዘመን የሚጽፍ ወረቀት የለም። ስለዚህ የማንኛውንም ሰው ውጤት ስናይ ስንት አገኘ ብሎ መጠየቅ ብቻ በቂ አይደለም፤ መቼ እንዲገባ ተፈቀደለት ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ እንዳይቀር ወደ ራሳችን እንመለስ። በክፍሎች መካከል የእግር ኳስ ግጥሚያ ስናደርግ ዳኛው እንዳያዳላ፣ ጎሉም በትክክል እንዲቈጠር ሁላችንም እንጮኻለን። ይህ መልካም ነው፤ የሜዳውን ሕግ መጠበቅ ነውና። ነገር ግን ከመስመሩ ውጭ ቆሞ የሚያየውን ልጅ ማን ይጠይቀዋል? ጫማ ስለሌለው ያልተመረጠ፣ ከገጠር በቅርብ ስለ መጣ ስሙ ያልተጠራ፣ ሴት ስለ ሆነች ምን ታውቃለች የተባለች በመካከላችን የለችምን? በደንባችን ውስጥ አትግቡ የሚል አንቀጽ አልተጻፈም። ሆኖም ከሪችመንዱ ነገር እንዳየነው፣ በር በጽሑፍ ብቻ አይዘጋም፤ ጥሪ በመንፈግም ይዘጋል።

ስለዚህ መምህራኖቻችንና ወላጆቻችን የሜዳውን ሕግ እንዳስተማሩን ሁሉ የበሩንም ሕግ እንድንመረምር እንዲያስተምሩን እለምናለሁ። ጓደኞቼም በሚመጣው ዓመት የክፍላችሁን ቡድን ስትመርጡ፣ ስም መጥራት ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወደ አጥሩ ዘወር ብላችሁ ተመልከቱ። እዚያ የቆመው ልጅ 13 ዓመት መጠበቅ የለበትም።